በሚልኪያስ ስም

ፒያሳ ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠባበቅ
ሐምሌ ወረደብኝ፣ ሳይነግር፣ ሳይጠይቅ።
ጥላዬ ፋርማሲ፣ ጫማዬ ውኃ አዝሎ
ምድር ቤት ገባሁኝ፣ ከታች እንደ ቆሎ
ተኩስ ሲንጣጣበት፣ ሳቅም ተቀላቅሎ።

ጌም ቤት። አሥር ስክሪን፣ የእርጥብ ካልሲ ጠረን፣
አንዷን ሳምቡሳ ለአራት የሚቆርሱ ልጆች።
አምስተኛው ወንበር ባዶ።

«ሚልኪያስ የት ደረሰ?»
«ገላን ነኝ አለ፤ ታክሲ የለም አለ፤
ስልኩም ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።»
አንዋር ዞሮ አየኝ፣ ከጫማዬ እስከ ሻሼ።
«እትዬ፣ ማውስ ይዘው ያውቃሉ?»
«ሃያ ዓመት የመድኃኒት ክምችት መዝግቤበታለሁ።»
«ይበቃል» አለ።

መጀመሪያ ያየሁት እጆቼን ነው።
የኔ ያልሆኑ እጆች፣ ወፋፍራም፣ ባለ ጓንት።
ፊት የለኝም፤ ጉልበት የለኝም፤ ወገቤም አያመኝም፤
ሁለት ክንድና አንድ አፈሙዝ ብቻ ነኝ።
ቀጥሎ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ መሬቱን። ከዚያ ደግሞ ጣሪያውን።
«ቀስ፣ እትዬ» አለ ቃልአብ፣ «ሰማይ ላይ ጠላት የለም።»
ከዚያ ሞትኩ።

ማን እንደገደለኝ አላየሁም።
«ከሰገነቱ ነው» አሉኝ፤
የራሴን ሞት እንደ ሰው ወሬ ሰማሁት።
ለካ እዚያ የሞተ አይቀበርም፤
በጓደኛው ዓይን ያያል።
ፊራኦል ሲሮጥ ከዓይኑ ኋላ ሆኜ እሮጣለሁ፤
ትንፋሹ ከጎኔ ካለው ወንበር፣
ትንፋሹ ደግሞ በማዳመጫው፣ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ።

«ሐኪም ይሁኑ» አሉኝ፣ «መተኮሱ ይቅር።»

እኔ ያለ ማዘዣ አንድ ሽሮፕ ሸጬ የማላውቅ
አንዋር ወድቆ «ሕክምና!» ብሎ ሲጮኽ
ዕድሜ ሳልጠይቅ፣ ጨጓራ ሳልጠይቅ
አረንጓዴ ብርሃን አፈሰስኩበት።
ተነሣ።
ፊራኦል ላይ አፈሰስኩ። ተነሣ።
አያልቅም። እያየሁት አያልቅም።
ጠዋት ለአንዲት እናት «የለም፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ» ያልኳት ትዝ አለኝና
ጣቴን ከቁልፉ ላይ አላነሣም አልኩ።
«እትዬ፣ እኔ ሙሉ ነኝ እኮ!» አለ ፊራኦል።

ሁልጊዜ ግን ይጠፋብኛል፤
በረዶ የለበሰ ወደብ፣ ሁሉም ኮንቴይነር አንድ ዓይነት፣
ሲደርሱልኝ ሌላ ቦታ፣ ሲጠሩኝ ሌላ ቦታ፤
ቃልአብ እስኪጮኽ ድረስ፦
«ወፍጮ ቤት! ወፍጮ ቤት ጋ ወድቄያለሁ!»

በባሕር ዳርቻ፣ በበረዶ መሀል፣ የምን ወፍጮ ቤት?
እግሬ ግን አልጠየቀም።
በቧንቧው ታጠፍኩ፣ የቆርቆሮውን በር አለፍኩ፣
ዱቄት ከቅንድቡ የማይጠፋው ሰውዬ
ለሳል ክኒን እስከ ደጄ የሚመጣበትን ቅያስ ይዤ
ቃልአብ ዘንድ ደረስኩ።

አምና ክረምት ሰፈሩ ሲነሣ
እነሱ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፤
ስሙን ግን አላስረከቡም፤
ማንም ሊያፈርሰው በማይመጣበት ወደብ ላይ
ቦታ በቦታ አስቀምጠውታል።
ምንም አላልኩም። ቁልፉን ተጫንኩ።

ከኋላዬ ውኃ የሚንጠባጠብ ልጅ ቆሟል።
ስሙን ስክሪኑ ላይ ያነባል፦
የገደለው ዜሮ። የሞተው ሰባቴ። ያዳነው አሥራ አራት።
«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ ሚልኪያስ።
ማንም አልመለሰለትም፤ ጨዋታው አላለቀም።
ወንበሩን ልለቅለት ስነሣ ትከሻዬን ያዘ።
«ይጨርሱት፣ እትዬ። ልይ።»

ተሸነፍን።
ሒሳብ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት
«በሚልኪያስ ስም ነው» አለኝ ባለቤቱ።

ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብለጨልጫል።
መኪና መኖሩን ግራ ቀኝ አይቼ
ሰገነቱን አየሁ፣ አንገቴን አቅንቼ።
ከዚያ ተሻገርኩ።